መርዶ ነጋሪው መርማሪ

ባለፈው ሐምሌ፣ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ለሳምንት ያህል ከዓይን በተሰወረበት ሰሞን፣ ለንደን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ደሴ መጥታ ሻንጣዋን ስትፈታ ለእኔ የደረሰኝ አንድ መጽሐፍ ነበር። ከዘጠኝ መቶ ገጽ በላይ ያለው፣ በአንድ እጅ ይዘው ሲያነቡት ክንድ የሚያዝል መጽሐፍ ነው። «ኪሎው ሞልቶብኝ ከእሱና ከአንድ ጥንድ ጫማ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ» አለችኝ። ጫማውን ትታ እሱን በማምጣቷ እስካሁን በደወለች ቁጥር አመሰግናታለሁ።

መጽሐፉ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሮበርት ጋልብሬይዝ በሚል የብዕር ስም ከምትጽፋቸው ተከታታይ የግል መርማሪ ልቦለዶች አምስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው «ትረብልድ ብለድ» ነው። የተከታታዩ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ2013 ሲወጣ ከብዕር ስሙ ጀርባ ማን እንዳለ አንባቢው አያውቅም ነበር፤ ምስጢሩ የወጣው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ስምንተኛው በ2025 ታትሟል፣ ታሪኩም ገና አላለቀም። ዋና ባለታሪኮቹ ሁለት ናቸው። ኮርሞራን ስትራይክ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የወታደራዊ ፖሊስ መርማሪ የነበረ፣ አፍጋኒስታን ላይ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ፣ ከዚያም ለንደን ውስጥ ዴንማርክ ጎዳና በሚባል አጭር መንገድ ላይ የግል ምርመራ ቢሮ የከፈተ ሰው ነው። ሮቢን ኤላኮት ደግሞ በመጀመሪያው መጽሐፍ ጊዜያዊ ጸሐፊ ሆና ተልካ መጥታ በዚያው የቀረች፣ አምስተኛው ላይ ስንደርስ የሥራ አጋሩ የሆነች ወጣት ናት።

እነዚህን መጻሕፍት በቅደም ተከተላቸው ለማንበብ አልታደልኩም። እንደ እኔ ያለ የደሴ አንባቢ የሚያነበው የፈለገውን ሳይሆን እጁ የገባውን ነው። የመጀመሪያውን ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገዛሁት። ሁለተኛውን አላገኘሁትም። ሦስተኛውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አውሶኝ ነበር፤ ሳልመልስለት ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላይ ከተማዋን ለቀን ስንወጣ ቤት ቀረ፤ ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ደግሞ መደርደሪያው ራሱ አልነበረም። አራተኛውን እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። ስለዚህ ሮቢንን በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ሠርጓ ላይ ትቻት ሄጄ፣ በአምስተኛው የፍቺ ጉዳይ ከጠበቃ ጋር ስትነጋገር አገኘኋት። በመካከል የሆነውን ማንም ቁጭ ብሎ አልነገረኝም፤ ለዓመታት ያልጠየቁት ዘመድ ቤት ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረው የሠርግ ፎቶግራፍ መነሣቱን አይቶ፣ ምንም ሳይጠይቁ ቡናን እንደ መጠጣት ያለ ነገር ነው። ቅሬታ አልተሰማኝም። እንዲያውም በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው የማያገኘውን አንድ ነገር ያገኘሁ ይመስለኛል፤ የጎደለውን ከቀረው ላይ ተነሥቶ መገመት፣ እሱም የመርማሪ ሥራ ነውና።

የግል መርማሪ ተከታታዮች ጊዜን የሚይዙበት መንገድ ከወንጀሉ ምስጢር ይልቅ ሲያስገርመኝ ኖሯል። ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1887 ለአንባቢ አስተዋውቆ በ1893 ከፏፏቴ አፋፍ ቁልቁል ሰደደው፤ አንባቢው ግን እምቢ አለ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም መርማሪው ከሞት ተነሣ። የአጋታ ክሪስቲ ኤርኩል ፖይሮ በ1920 ለአንባቢ ሲቀርብ ቀድሞውኑ ከፖሊስ ሥራ የተገለለ ሰው ነበር፤ እስከ 1975 ድረስ ብዙም ሳያረጅ ኖሮ በመጨረሻ ሲሞት ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ላይ የሕልፈቱን ዜና አወጣ። ኖሮ ለማያውቅ ሰው መርዶ ተነገረ ማለት ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የሱ ግራፍተን ነገር ነው። እያንዳንዱን መጽሐፍ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል እየሰየመች በ1982 ከ«ኤ» ጀምራ በ2017 «ዋይ» ላይ አደረሰች፤ የመጨረሻዋን ፊደል ሳትጽፍ በዚያው ዓመት መገባደጃ አረፈች፣ ቤተሰቧም በስሟ ሌላ ሰው እንዲጽፍ አልፈቀደም። መርማሪዋ ኪንዚ ሚልሆን በ1980ዎቹ ውስጥ እንደቀረች አለች፤ የማንንም ጉዳይ የምትጀምርበት ሌላ ቀን አይመጣላትም።

የስትራይክ ጊዜ ግን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ይሄዳል። እሱም ሮቢንም ዓመት በመጣ ቁጥር ዓመት ይጨምራሉ፤ ቢሮው ከዕዳ ይወጣል፣ ሠራተኛ ይጨመራል፣ የእግሩ ጉማጅ ሲብስበት ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ያሳደገችው አክስቱ በካንሰር ትታመማለች። በአምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ሙሉ ዓመት የሚፈጅ አንድ ምርመራ አለ፤ ያ ዓመት የሚያልፈው ግን በፍንጭ ብቻ አይደለም፣ በልደት ቀን፣ በገና፣ በጉንፋን፣ ጎርፍ መንገዱን በዘጋበት አስታማሚ ጉዞ ጭምር ነው። ክረምት ሲገባ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ አፈር ተንዶ መኪና የሚቆምበትን ቀን የሚያውቅ አንባቢ፣ ሰውየው ወደ ታመመችው አክስቱ ለመድረስ ሲታገል ያለውን ምዕራፍ በሌላ ልብ ነው የሚያነበው።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ቤቴ ደሴ። በየቀኑ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ወርጄ ማታ ተመልሼ እወጣለሁ፤ ጠዋት ሹራብ ደርቤ እሳፈራለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ አውልቄ እይዘዋለሁ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ለሚሆነው መንገድ መጽሐፍ ይዞ መግባት ደስ ቢልም የሐረጎ ጠመዝማዛ ግን ማንንም አያስነብብም፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሆድ መረበሽ ይጀምራል። ስለዚህ የማነበው ሚኒባሱ እስኪሞላ በምንጠብቅበት ጊዜ ነበር። መንገዱ ሲጀመር መጽሐፉን እዘጋና ያነበብኩትን በልቤ እደግመዋለሁ፤ ማን ምን አለ፣ ያን ጊዜ የት ነበርኩ ያለው ሰው እውነት እዚያ ነበር ወይ፣ ሁለቱ ምስክሮች ስለ አንድ ምሽት የተናገሩት ለምን አይገጥምም እላለሁ። በስንት ወንጀል ልቦለድ ቸኩዬ ያለፍኩት ነገር ላይ ሐረጎ አስቆመኝ። ፈጥኖ ማንበብ የሚያስመሰግን ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የሚባለው ሁሉ ግን ልብን የሚያንጠለጥለው በፍጥነቱ ሳይሆን በሚያስጠብቀው መጠን ነው።

ማታ ማታ ደግሞ ለእማዬ እተርክላት ጀመር። መብራት ሲጠፋ የተጀመረ ነገር ነው። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ተረት ግን አያመልጣትም። ምድጃው ዳር ተቀምጣ፣ ከቶናው በፊት የቀን ንባቤን ባጭሩ እነግራታለሁ፤ እሷም ስም አጥርታ ለመያዝ ስላልፈለገች ለሁሉም የራሷን ስም አወጣችላቸው። ስትራይክ «ወታደሩ» ሆነ፤ ሮቢን «ልጅቷ»፤ የጠፋችው ሴት «ሐኪሟ»። በሦስተኛው ምሽት ገደማ ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ወታደሩስ ዛሬ የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ በኋላ መዝለልም ማሳጠርም አልተቻለኝም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ማርጎት ባምቦሮ የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1974፣ ዝናብ በሚዘንብበት ምሽት፣ ክለርከንዌል በሚባለው የለንደን ሰፈር ካለው የሥራ ቦታዋ ወጥታ ጓደኛዋን ልታገኝ በእግሯ ሄደች፤ ጓደኛዋ ጋ አልደረሰችም፤ ከዚያ ወዲህ ያያት ሰው የለም። ጥላት የሄደችው ሴት ልጇ ያን ጊዜ አንድ ዓመት የሆናት ሕፃን ነበረች። ሕፃኗ አድጋ፣ ጎልምሳ፣ አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል ስትራይክን አግኝታ እናቷን እንዲፈልግላት ትጠይቀዋለች። እሱ እንዲህ ያረጀ ጉዳይ ይዞ አያውቅም፤ ፖሊስ በጊዜው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ትቶታል፤ ምስክሮቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ረስተዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያወሩት ስለኖሩ የሆነውንና ያወሩትን መለየት አይችሉም። ለአንድ ዓመት ይሞክራል፤ ስምምነታቸው ይኸው ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ወደ እኛ ስመልሰው 1967 ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን ከዙፋን ከወረዱ አንድ ወር ገደማ መሆኑ ነው። እማዬ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የወሎ ረኃብ ደሴን በስደተኛ የሞላበትን ጊዜ በልጅ ዓይኗ አይታዋለች። «ያን ጊዜ እዚያም ሰው ይጠፋ ነበር?» አለች፤ ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ ከምን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። በቤታችን አንድ ሰው ጠፍቷል። የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1970 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። በዚያ ዘመን ከቤት ወጥተው ያልተመለሱ የደሴ ልጆች እሱ ብቻ አይደለም፤ በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ቤት ነበረ።

መርዶ አልመጣም። ይህን ቃል ለወጣት አንባቢ ላብራራው አልፈልግም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። በእኛ ዘንድ ሞት የሚረጋገጠው መርዶ ነጋሪዎች ሰብሰብ ብለው ገና ጎሕ ሳይቀድ በር ሲያንኳኩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ይጮኻል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ አርባው ይወጣል፣ አቅም ያለው ተዝካር ያወጣል። መርዶ ያልመጣለት ቤት ይህ ሁሉ የለውም። አያቴ ለልጇ አላለቀሰችም፣ ማልቀስ ሟርት ነውና። ማቅ አልለበሰችም። ማታ በሩን ስትቆልፍ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው አትገፋውም ነበር ትላለች እማዬ።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ከማንበቤ በፊት የግል መርማሪ ልቦለድን የማየው እንደ እንቆቅልሽ ነበር፤ ማን ገደለ፣ እንዴት ገደለ፣ ለምን ገደለ። በእማዬ ምድጃ ዳር ስተርከው ግን ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ። የሐኪሟ ልጅ ወታደሩን የቀጠረችው ገዳዩን እንዲያስርላት አይደለም፤ ሊያስር ሥልጣንም የለውም። የቀጠረችው መርዶ እንዲያመጣላት ነው። እሷ ገንዘብ ከፍላ የምትገዛው በሌላው ሰው ቤት በነፃ የሚመጣውን፣ ማንም ሰው እንዲመጣበት የማይመኘውን ነገር ነው። ይህን ለእማዬ በዚህ ቃል አልነገርኳትም፤ እሷ ግን በሌላ ምሽት፣ የሐኪሟን ልጅ እውነቱ ይጎዳታል ብለው ዘመዶቿ ሲከለክሏት ያለውን ክፍል ስነግራት፣ «ምን ሊጎዳት፣ መርዶም እኮ አንድ ነገር ነው» አለች።

ጉዳዩን መጀመሪያ የያዘው የፖሊስ መርማሪ ታሪክ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ቀረበን። ሰውየው ሐኪሟን የወሰዳት በዚያ ዘመን ሴቶችን እያፈነ ይገድል የነበረ አንድ ወንጀለኛ ነው ብሎ ገና ከጅምሩ ወሰነ፤ ከዚያ አእምሮው ታመመ፣ ሕመሙም እየባሰ ሲሄድ ምርመራውን ትቶ ኮከብ ይቆጥር ጀመር። ተጠርጣሪዎቹን በልደት ቀናቸው እየከፋፈለ፣ በከዋክብት ምልክት እየሰየመ አንድ ደብተር ሙሉ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ ልጁ ያን ደብተር ለስትራይክ ይሰጠዋል። የስትራይክና የሮቢን ሥራ እንግዲህ ያበደ ሰው የጻፈውን ደብተር ሳይንቁት ማንበብ ሆነ፤ ምክንያቱም ከኮከቡ ሥር፣ ሰውየው ገና ጤነኛ ሳለ ያያቸውና የሰማቸው እውነተኛ ነገሮች ተቀብረዋል።

ይህን ስነግራት እማዬ የስኒውን ረከቦት ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ አያቴ ምን እንዳደረገች ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። አያቴ የልጇን ስምና የእናቱን፣ ማለትም የራሷን፣ ስም ይዛ አውደ ነገሥት ከሚገልጥ ደብተራ ዘንድ ሄዳ ኮከቡን አስቆጠረች። በሕይወት አለ፣ ውኃ ተሻግሯል ተባለች። ያ አልበቃ ብሏት አንድ ሼህ ዘንድ ሄዳ ዱዓ አስደረገች፤ እሳቸው አብሽሪ አሏት እንጂ አለም የለምም አላሏት። ለግሸን ማርያምም ተሳለች፤ መስከረም 21 በእግሯ ሄዳ ስለቱን ገና ልጁ ሳይመለስ ቀድማ አገባች። ውኃ ተሻግሯል በተባለው ምክንያት እማዬ ራሷ ለዓመታት ከሱዳን የተመለሰ ሰው በሰማች ቁጥር ሄዳ ትጠይቅ ነበር። ያ የለንደን መርማሪ ከመዝገብ ቤቱ ወደ ከዋክብት የዞረው በሕመም ነው፤ አያቴ ወደ ከዋክብት የዞረችው ደግሞ መዝገብ የሚከፍትላት ስለሌለ ነው። ደራሲዋ በዚያ ደብተር ላይ አለመሳለቋን፣ አንባቢዋም እንዲሳለቅ አለመጋበዟን ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው ለዚህ ነው።

አገራችን ምርመራ አታውቅም የሚል ሰው ካለ ስለ አፈርሳታ አልሰማም ማለት ነው። ወንጀለኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ እውነቱ እስኪወጣ ሥራውን ፈትቶ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። ሐሳቡ የሚነሣው አንድ ሰው ያደረገውን አገር ሁሉ ያውቃል ከሚል እምነት ነው፤ እውነቱ አለ፣ የጎደለው ተናጋሪ ነው። የግል መርማሪ ልቦለድም በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ ስትራይክ ሰውን ሜዳ ላይ ማስቀመጥ አለመቻሉ ነው። መጥሪያ የለውም፣ ማሰር አይችልም፣ ሰው በሩን ቢዘጋበት ተመልሶ ከመሄድ በቀር መብት የለውም። ያለው መሣሪያ ሰው ሳሎን ገብቶ ሻይ እስኪቀዳለት መታገስ፣ ከዚያ ትንሽ ነገር መጠየቅ ነው። ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ ያን ጥያቄ ሰው ለአርባ ዓመት ሲመልሰው ስለኖረ መልሱ በአፉ ላይ ደርቋል። የሚጠይቀው ዝናቡ መቼ ጀመረ፣ በሩን ማን ከፈተ፣ ምን ለብሳ ነበር፣ በጠረጴዛው ላይ ምን ነበረ ብሎ ነው። ሮቢን በዚህ ከእሱ ትበልጣለች፤ አዛውንት ሴቶች ለእሷ የሚነግሯት ለፖሊስ ነግረውት የማያውቁትን ነው። የቦትስዋናዋ ማ ራሞትስዌ፣ አባቷ ከተወላት ከብት ሽያጭ ጋቦሮኔ ውስጥ የመርማሪ ቢሮ የከፈተችው የሌላ ተከታታይ ባለታሪክ፣ እንዲሁ ሻይ አቅርባ ነው ሰው የምታናግረው፤ እሷን ሳነብ ግን ነገሩ ደግነት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካስ ዘዴም ነው።

መጽሐፉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ርዝመቱ በዝቷል፤ ቢሮው ጎን ለጎን የሚከታተላቸው የትዳርና የገንዘብ ጉዳዮች ሁለቱ ቢወጡ የሚጎድል ነገር የለም፣ ለእማዬም ሳልነግራት አልፌያቸዋለሁ። ደራሲዋ የየአካባቢውን ሰው አነጋገር እንደሚደመጠው አድርጋ ስለምትጽፍ፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ ሰው አንዳንዱ ገጽ ጮክ ብሎ ካላነበቡት አይገባም። በየምዕራፉ መግቢያ የሚቀመጡት በ1590ዎቹ ከታተመው የኤድመንድ ስፔንሰር ረጅም ግጥም የተወሰዱ ስንኞችም መጀመሪያ ላይ አስቸግረውኛል፤ በኋላ ግን የሚገባኝን ያህል እያነበብኩ አለፍኩ። ሴቶችን ያፍን የነበረው ነፍሰ ገዳይ የሚገኝበት ክፍል ደግሞ ከልክ በላይ ጭካኔ አለው፤ በእማዬ ፊት ልተርከው ስላልፈለግሁ «ክፉ ሰው ነበር፣ እስር ቤት ሄደው አነጋገሩት» ብዬ አሳጠርኩት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ተከታታይ የወንጀል ልቦለድ ለአንባቢው የሚሰጠው ቃል ኪዳን አለው፤ ከ900 ገጽ በኋላ እውነቱ ይወጣል። በሕይወት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን የሰጠን የለም። የእኛው በዓሉ ግርማ በ«ኦሮማይ» ሰላይና ሤራ ያለበትን፣ ልብ የሚያንጠለጥል መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ፣ በየካቲት 1976 ራሱ ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ አንባቢዎቹ የመጽሐፉን መጨረሻ እናውቃለን፣ የደራሲውን አናውቅም። እንዲህ ባለ አገር ተቀምጦ መዝገቡ የሚዘጋበትን ልቦለድ መውደድ ራስን ማታለል ነው ወይ ብዬ ከኮምቦልቻ ስመለስ ስንት ምሽት አስቤበታለሁ። አይመስለኝም። መጨረሻው ልብ ወለድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለው ግን ልብ ወለድ አይደለም። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ልብስ ቀለም እንደገና መጠየቁ፣ ተስፋ የቆረጠ ምስክር እንደገና መቀመጡ፣ የተናቀ ደብተር እንደገና መገለጡ፣ እነዚህ ማንም ሰው በማንኛውም ቤት ሊያደርጋቸው የሚችል ነገሮች ናቸው።

የመጨረሻዎቹን መቶ ገጾች ያነበብኩት በአንድ እሑድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዘንቦ ነበር፤ እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እሳት ዳር እያደረቀች፣ ዓይኔን እያየች ምንም ሳትናገር ቆየች። ለሌላ አንባቢ ላለማበላሸት ሐኪሟ ምን እንደሆነች እዚህ አልጽፍም። ለእማዬ ግን ሁሉንም ነገርኳት። ማን እንዳደረገው ስነግራት ብዙም አልተገረመችም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት «ያችን ሰው ልብ ብለህ አንብባት» ብላኝ ነበር፣ እኔም ስቄ አልፌአት ነበር። የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው፤ የሐኪሟ ልጅ ሲነገራት ማን አብሯት ነበር፣ የት ተቀምጣ ነበር፣ አለቀሰች ወይ አለችኝ። ወደ ኋላ ገልጬ ያን ክፍል ሁለት ጊዜ ተረጎምኩላት።

ማታ ቡናው ከተነሣ በኋላ አንድ ነገር ደፈርኩ። አጎቴን በተመለከተ እድሜ ልኬን የጠየቅኳት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ምን ሆነ የሚል፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ «ወጥቶ ቀረ» የሚል። በዚያ ምሽት እንደዚያ አልጠየቅኳትም።

«እማዬ፣ በዚያ ምሽት በሩን የዘጋው ማን ነው?»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ፣ «እኔ ነኝ» አለች። «ቀስ ብለሽ ዝጊው፣ አባባ እንዳይሰማ አለኝ።»

ይህን ለአርባ ሰባት ዓመታት ያህል ማንም አልጠየቃትም ነበር። ምን ለብሶ እንደነበር ጠየቅኳት፤ ሰማያዊ ሹራብ አለች። ዝናብ ነበር ወይ አልኳት፤ አልነበረም፣ ብርድ ነበር። ብቻውን ነበር ወይ፤ አዎ፣ ግን ከአጥሩ ውጪ የሚያስል ሰው ሰምታለች። የሚያስለውን ሰው ከዚህ በፊት ለማንም ነግረሽ ታውቂያለሽ ስላት የለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ተነሥቼ ከሥራ ቦርሳዬ ደብተርና እስክሪብቶ አመጣሁ። እሷ ደግሞ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና በጥቅምት 2014 ከቤት ስንወጣ በደረቷ ይዛው የወጣችውን የልጁን ፎቶግራፍ ይዛ መጣች፤ በኩራዙ ብርሃን አስጠግታ አየችውና እኔ የጻፍኩትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ።

«ሰማያዊውን ሰርዘው» አለችኝ። «ሰማያዊው እዚህ ላይ የለበሰው ነው። ያን ቀን የለበሰው የአባባን ቡናማ ካፖርት ነበር።»

ሰረዝኩት፣ ቡናማ ካፖርት ብዬ ጻፍኩ።